አዲስ አምፕሊፋየር ተገጥሞም ድምፁ ሲበላሽ፦ የሞተር ጀልባ ሙዚቃ ችግርና መፍትሔ

በጣና፣ በሐዋሳና በቢሾፍቱ ሐይቆች ላይ የሚሠሩ የመዝናኛ ጀልባዎች ሙዚቃቸውን ሲያሳድሱ ብዙ ጊዜ የሚገዙት የመኪና ዕቃ፣ የሚጠሩትም የመኪና ኤሌክትሪክ ባለሙያ ነው። ይህ በራሱ ክፋት የለውም። ሆኖም መኪና ላይ ኃይሉ ወደ ባትሪው የሚመለሰው በብረቱ አካል፣ በተለምዶ ማሳ በሚባለው በኩል ነው። የፋይበርግላስ ጀልባ እንዲህ ያለ መመለሻ የለውም። የብረት ጀልባ ቢኖረውም ሊነካ አይገባም፤ በቀፎው በኩል የሚመለስ ኃይል ውኃ ውስጥ ያለውን ብረት ቀስ በቀስ ይበላዋል። ስለዚህ ጀልባ ላይ እያንዳንዱ ፖዘቲቭ ሽቦ በውፍረት የሚስተካከለው ኔጋቲቭ ሽቦ እስከ ባትሪው ድረስ ሊኖረው ግድ ነው። ከዚህ በታች የተነሡት ችግሮች አብዛኞቹ የሚመጡት ይህ ሲረሳ ነው። አጥብቄ የምለውም ይህንኑ ነው፤ በመልቲሜትር፣ ማለትም በኤሌክትሪክ መለኪያ፣ ሳይለካ ሌላ አምፕሊፋየር አይገዛ።

ባስ ሲመታ ድምፁ ይቆረጣል፤ አምፕሊፋየሩ ጠፍቶ ይበራል

ባለቤቱ መጀመሪያ የሚጠረጥረው አምፕሊፋየሩን ነው። ወደ ሻጩ ይመልሰዋል፤ ሻጩ ጠረጴዛ ላይ ሲሞክረው ያለ እንከን ይሠራል። ጀልባው ላይ ሲመለስ ያው ነው። ምክንያቱ ሽቦው ነው።

እንዲህ ይለካ፦ ሙዚቃውን ከፍ አድርጎ፣ ባስ በሚመታበት ጊዜ የመልቲሜትሩን ሁለት ጫፎች አምፕሊፋየሩ ራሱ ላይ፣ ፖዘቲቭና ኔጋቲቭ በሚታሰሩበት ቦታ ማስነካት። ከዚያ ባትሪው ላይ እንደገና መለካት። በሁለቱ መካከል ከግማሽ ቮልት በላይ ልዩነት ካለ ጥፋተኛው ተገኝቷል።

ሒሳቡ ግልጽ ነው። ባትሪው ከኋላ፣ አምፕሊፋየሩ ከፊት ሆኖ ርቀቱ 6 ሜትር ቢሆን፣ ኃይሉ ሄዶ ስለሚመለስ የሚቆጠረው 12 ሜትር ነው። በ4 ሚሊሜትር ካሬ የመዳብ ሽቦ 30 አምፔር ሲያልፍ 1.5 ቮልት ያህል መንገድ ላይ ይቀራል። ሞተሩ ጠፍቶ ባትሪው 12.2 ላይ ካለ፣ አምፕሊፋየሩ ጋ የሚደርሰው 10.7 ብቻ ነው፤ ባትሪው ራሱ በጭነት ሲወርድ ደግሞ ከዚያም ያንሳል። ብዙ አምፕሊፋየሮች ወደ 10 ቮልት ሲጠጉ ራሳቸውን ለማዳን ይጠፋሉ። ሽቦው 25 ሚሊሜትር ካሬ ቢሆን ግን በዚያው ርቀት የሚጠፋው ሩብ ቮልት ገደማ ነው።

መዳብ ውድ ነው የሚል ካለ ሌላ መንገድ አለ። አምፕሊፋየሩን ወደ ባትሪው አቅርቦ፣ ረጅሙን መንገድ ለስፒከር ሽቦ መተው ይቻላል። ቤንዚን ታንክ ባለበት ዝግ ክፍል ውስጥ ግን በምንም ምክንያት አይገጠም። የቤንዚን ትነት ከአየር ስለሚከብድ ከታች ይጠራቀማል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። በየትኛውም መንገድ ቢሠራ ደግሞ ዋናው ፊውዝ ከባትሪው ከአንድ ስንዝር ባልራቀ ቦታ መታሰር አለበት። ፊውዙ የሚጠብቀው ሽቦውን ነው፤ ከባትሪው ሲርቅ በመካከል ያለው ሽቦ ጠባቂ አጥቶ ይቀራል።

ሞተሩ ሲነሣ ስፒከሩ ያፏጫል

ፉጨቱ ነዳጅ ሲሰጥ የሚቀጥን፣ ሲቀነስ የሚወፍር ከሆነ ከአልተርኔተሩ፣ ሞተሩ እያዞረው ኃይል ከሚያመነጨው ዕቃ፣ የመጣ ነው። ከየት እንደገባ ለማወቅ አምፕሊፋየሩን አጥፍቶ ከቴፑ የሚመጡትን የሙዚቃ ገመዶች መንቀልና እንደገና ማብራት ነው። ፉጨቱ ከቀረ የገባው በእነዚህ ገመዶች ነው፤ ካልቀረ በኃይል ሽቦው በኩል ነው። የመጀመሪያው የሚበዛ ሲሆን ምክንያቱም ቴፑ ከአንድ ቦታ፣ አምፕሊፋየሩ ከሌላ ቦታ ኔጋቲቭ ማግኘታቸው ነው። ሁለቱም ኔጋቲቭ ከአንድ መሰብሰቢያ፣ መሰብሰቢያውም በአንድ ወፍራም ሽቦ ከባትሪው ጋር ይገናኙ። የሙዚቃ ገመድና የኃይል ሽቦ በአንድ ቱቦ አይሂዱ፤ አንዱ በግራ፣ ሌላው በቀኝ የጀልባው ጠርዝ ቢጓዙ ይመረጣል። ማጣሪያ ገዝቶ መሰካት ፉጨቱን ሊሸፍነው ይችላል፤ ሆኖም ሽቦው ሳይስተካከል ማጣሪያ መጨመርን አልደግፍም።

ስፒከሮቹ ትልልቅ ሆነው ባስ የለም

በመጀመሪያ የፖዘቲቭና የኔጋቲቭ መገላበጥ ይታይ። አንዱ ስፒከር ወደ ውጭ ሲገፋ ሌላው ወደ ውስጥ ከሳበ ሁለቱ ተጣጥለው ባስ ይጠፋል። 1.5 ቮልት ድንጋይ ወስዶ ከአምፕሊፋየሩ የተነቀለውን የስፒከር ሽቦ ለቅጽበት ማስነካት ነው፤ የድንጋዩ ፖዘቲቭ የስፒከሩን ፖዘቲቭ ሲነካ ሸራው ወደ ውጭ መውጣት አለበት። ይህ ትክክል ሆኖም ባስ ከሌለ ከስፒከሩ ጀርባ ያለውን ይዩ። ጀርባው ክፍት ከሆነ ከኋላ የሚወጣው ድምፅ ዞሮ የፊቱን ያጠፋዋል። ዝግ ሣጥን ይሠራለት፤ ሣጥኑ ከስሩ ውኃ ማፍሰሻ ይኑረው ወይም ጨርሶ ይታሸግ።

መኪና ውስጥ ባስ የሚያምረው ጠባብና ዝግ ስለሆነ ነው። ሐይቅ ላይ ድምፁን የሚመልስ ግድግዳ የለም። ስለዚህ ትንንሽ ስፒከሮች የማይችሉትን ባስ እንዲጫወቱ ማስገደድ ትርፉ መሰነጣጠቅ ነው፤ ከ80 እስከ 100 ኸርዝ በታች ያለውን ከእነርሱ ቆርጦ ለተለየ ባስ ስፒከር መስጠት ይሻላል።

ፊት ያሉት ይደነቁራሉ፣ ኋላ ያሉት አይሰሙም

ርቀት እጥፍ ሲሆን ድምፅ 6 ዴሲቤል ገደማ ይቀንሳል፤ ያንን በኃይል ለማካካስ አራት እጥፍ ዋት ያስፈልጋል። መፍትሔው ኃይል መጨመር ሳይሆን ከሰው አጠገብ ስፒከር መጨመር ነው፤ ከሽፋኑ ጣራ ሥር ወደ መቀመጫዎቹ ያዘነበሉ አራት መካከለኛ ስፒከሮች ከፊት ከተደረደሩ ሁለት ግዙፎች ይበልጣሉ። ሲጨመሩ ግን ኦም፣ ማለትም ስፒከሩ ለኃይሉ ያለው መቋቋም፣ ይቆጠር፤ ኦሙ ሲያንስ አምፕሊፋየሩ ይጨነቃል። ባለ 4 ኦም ሁለት ስፒከሮች ጎን ለጎን ሲታሰሩ 2 ኦም፣ ሦስት ሲሆኑ 1.3 ኦም ይሆናሉ፤ ብዙ አምፕሊፋየሮች ከ2 ኦም በታች አይችሉም። አራቱን በአንድ መስመር ማሰር ካስፈለገ ሁለት ሁለቱን በተከታታይ አስሮ ጥንዶቹን ጎን ለጎን ማገናኘት ወደ 4 ኦም ይመልሳቸዋል።

ስፒከሮቹ ወደ ውስጥ እንዲያዩ ማድረግ ሌላም ጥቅም አለው። ድምፅ በውኃ ላይ፣ በተለይ በማለዳና በማታ፣ እጅግ ይርቃል። ዘጌ ወይም ዳጋ እስጢፋኖስ የሚጸልዩ መነኮሳት አሉ፤ ወደ ገዳማቱ ሲጠጉ ሙዚቃውን ማጥፋት ተገቢ ነው። ለነጂው በእጁ የሚደርስ የድምፅ መቀነሻ ሳይገጠም የተጠናቀቀ ሥራ ለእኔ ያልተጠናቀቀ ነው፤ የሌላ ጀልባ ጥሪም ሆነ የተሳፋሪ ጩኸት ሊሰማው ይገባል።

ቆመው ሙዚቃ ከሰሙ በኋላ ሞተሩ አልነሣ አለ

ሙዚቃውና የሞተር ማስነሻው አንድ ባትሪ መጋራት የለባቸውም። ለሙዚቃ የተለየ፣ ተደጋግሞ መውረድን የሚችል ባትሪ ይኑር። 100 አምፔር ሰዓት ካለው የእርሳስ አሲድ ባትሪ ዕድሜውን ሳይጎዱ መጠቀም የሚቻለው ግማሹን ነው፤ ሙዚቃው በአማካይ 10 አምፔር ከወሰደ ወደ አምስት ሰዓት ይሆናል። በሁለቱ ባትሪዎች መካከል ቮልቴጅ እያየ የሚያገናኝ ሪሌ፣ ማለትም በራሱ የሚሠራ ማብሪያ ማጥፊያ፣ ይገባል፤ ሞተሩ ሠርቶ ቮልቴጁ ወደ 13.3 ሲደርስ ያገናኛል፣ ወደ 12.8 ሲወርድ ይለያያል። ትንንሽ የውጭ ሞተሮች የሚያመነጩት ጥቂት አምፔር ብቻ ስለሆነ ባትሪውን ማታ ወደብ ላይ በቻርጀር መሙላት ያስፈልጋል።

ከክረምት በኋላ መንኳኳትና መቋረጥ

የሽቦውን ጫፍ ልጠው ይመልከቱ። መዳቡ አረንጓዴ ወይም ጥቁር ከሆነ ርጥበቱ ከመጋጠሚያው አልፎ ወደ ውስጥ ገብቷል፤ የሚያብረቀርቅ መዳብ እስኪገኝ ድረስ መቁረጥ ነው። ሲቻል በቆርቆሮ የተለበጠ የመዳብ ሽቦ ይገዛ። መጋጠሚያው በትክክለኛ ፒንሳ ተጨምቆ፣ ውስጡ ሙጫ ባለው በሙቀት በሚኮማተር ላስቲክ ይታሸግ። በሊድ ብቻ የተያዘ ሽቦ በሞተሩ ንዝረት ይሰነጠቃል። ሽቦው ወደ መሣሪያው ከመግባቱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ቢታጠፍ፣ በላዩ የሚወርደው ውኃ ከእጥፋቱ ይንጠባጠባል እንጂ ወደ መሣሪያው አይገባም።