በጅማ ጓሮ ለሚሠራ አሮጌ የእጅ ትራክተር ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

እዚህ የምናነሳው ባለ አንድ ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ያለውን፣ ከኋላው እየተራመዱ የሚነዱትን ባለ ሁለት ጎማ ትራክተር ነው። ሞተሩ ቀላል ስለሆነ ከያዙት ብዙ ዓመት ያገለግላል። አብዛኛውን ጊዜ የሚገድለው እርጅናው ሳይሆን ምልክቱን አሳስቶ ማንበብ ነው፤ ያልተበላሸው ይፈታል፣ መታየት የነበረበት ይዘነጋል።

ጉልበት አነሰው ብሎ ፖምፓውን መክፈት

ጅማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ትገኛለች። አየር እየጨመቀ የሚያስገባ ቱርቦ የሌለው ሞተር በየ300 ሜትሩ ከፍታ 3 በመቶ ገደማ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ሰሌዳው ላይ 12 የፈረስ ጉልበት የተጻፈበት ሞተር እዚህ ወደ 10 ቢወርድ ጤነኛ ነው። አየሩ በሳሳበት ፖምፓው (ናፍጣውን ገፍቶ የሚልከው) ተከፍቶ ናፍጣ ሲጨመርለት ትርፉ ጥቁር ጭስ ነው፤ ኖዝሉ (ናፍጣውን ሲሊንደሩ ውስጥ የሚረጨው) እና ቫልቩ ጥላሸት ይይዛሉ፣ ፒስተኑ ከልክ በላይ ይግላል። የፖምፓውን ብሎን የሚነካ መካኒክ ቢመጣ መጀመሪያ ሦስት ነገር እንዲያይ ይጠይቁት፤ የአየር ፊልትሮ፣ ቺንጋ (የሞተሩን ጉልበት የሚያስተላልፈው ቀበቶ) እና የቫልቭ ክፍተት። 195 በሚባለው ሞተር ክፍተቱ ሲቀዘቅዝ ለማስገቢያው 0.35፣ ለማስወጫው 0.45 ሚሊ ሜትር ነው። ሌላ ሞተር ከሆነ የራሱን መመሪያ ይከተሉ። ቺንጋው መሃሉ ላይ በእጅ ሲጫኑት ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ይርገብ። አንዱ ቢበጠስ ሁሉንም አንድ ላይ ይቀይሩ፤ አሮጌዎቹ ስለተለጠጡ ብቻውን የገባው አዲስ ሸክሙን ሁሉ ይሸከምና ቶሎ ያልቃል።

ዘይትን በመልኩ መፍረድ

የናፍጣ ሞተር ዘይት ከተቀየረ ከጥቂት ሰዓት በኋላ ይጠቁራል፤ ይህ ችግር አይደለም። የሚቆጠረው የሥራ ሰዓት ነው፤ 100 ሰዓት ሲሞላ ሞተሩ ገና ትኩስ ሳለ ያፍስሱት። የሚያስፈራው ሌላ መልክ ነው። ዘይቱ ማኪያቶ ከመሰለ ውኃ ገብቶበታል፤ የቴስታታው (የሲሊንደሩ ክዳን) ጓርኒሲዮን ሳይታይ ሞተሩ አይነሳ።

የውኃ ነገር

ከላይ ክፍት የውኃ ጋን ያለው ሞተር ውኃው ቢፈላ አይደንግጡ፤ ሙቀቱን የሚያወጣው በእንፋሎት ነው። ስህተቱ የደፈረሰ የወንዝ ውኃ መጨመር ነው፤ ጭቃው በሲሊንደሩ ዙሪያ ተጋግሮ ሙቀቱን ያፍነዋል። ከቆርቆሮ ጣሪያ የተጠራቀመ ንጹሕ የዝናብ ውኃ ይሻላል፣ በዝናብ ደግሞ ጅማ አትታማም። ውኃው አልቆ ሞተሩ ከጋለ ቀዝቃዛ ውኃ አይገልብጡበት፤ ቴስታታው ይሰነጠቃል። አጥፍተው እስኪበርድ ይታገሡ።

ክረምት ላይ በግማሽ ታንከር ማሳደር

ባዶው የታንከር ክፍል እርጥበት ያዘለ አየር ይይዛል። ሌሊት ሲቀዘቅዝ ያ እርጥበት ጠብታ ሆኖ ወደ ታች ይወርዳል፤ የፖምፓውና የኖዝሉ ዝገትም ከዚያ ይጀምራል። ማታ ሥራ ሲጨርሱ ታንከሩን ይሙሉት። በጀሪካን የመጣ ናፍጣ ደግሞ ሁለት ቀን ሳይነቃነቅ ይቀመጥ፣ ሲቀዱም የታችኛውን ጥቂት ሊትር ይተዉት።

ናፍጣው አልቆ አየር ከገባ ማኖቬላውን (ሞተሩን በእጅ አዙሮ ማስነሻውን) መደብደብ እጅን ማድከም ብቻ ነው። የታንከሩን ቧንቧ ከፍተው መጀመሪያ የናፍጣ ፊልትሮውን ማስተንፈሻ ብሎን ያላሉ፤ አረፋው ሲያልቅ ያጥብቁ። ቀጥሎ ፖምፓው መግቢያ ላይ እንዲሁ ያድርጉ። በመጨረሻ ወደ ኖዝሉ የሚሄደውን ቱቦ ዳዶ አላልተው ማኖቬላውን ያዙሩ፤ ናፍጣው አረፋ ሳይኖረው ሲወጣ ያጥብቁት። ከኖዝሉ በግፊት የሚወጣውን ናፍጣ በጣት አይፈትኑት፤ ቆዳ ይበሳል።

የአየር ፊልትሮው ዘይት ያለበት ዓይነት ከሆነ ጽዋውን በናፍጣ ያጥቡትና ዘይት እስከ ምልክቱ ብቻ ያድርጉ። ካለፈ ሞተሩ ዘይቱን ይስበውና ጋዝ ቢቀንሱለትም እየፈጠነ ይሄዳል።

ቁልቁለት ላይ የተለመደውን እጀታ መጨበጥ

ሰው የሚጎዳው እዚህ ላይ ነው። ሜዳ ላይ የግራውን መሪ ፍሪሲዮን (የግራውን ጎማ ከሞተሩ የሚያላቅቀውን እጀታ) ሲጨብጡ ትራክተሩ ወደ ግራ ይዞራል። ቁልቁለት ላይ ግን ትራክተሩ የሚወርደው በራሱ ክብደት ነው፤ ሞተሩ ከኋላ እንደያዘው ሰው ይሆናል። የግራውን ሲጨብጡ የግራው ጎማ ከዚያ መያዣ ይለቀቅና ይፈጥናል፣ የቀኙ እንደተያዘ ይቀራል። ውጤቱም ወደ ቀኝ መዞር ነው። ጋሪ ከተጎተተ ደግሞ ክብደቱ ከኋላ እየገፋ ይጨመርበታል። ስለዚህ ቁልቁለቱ ሳይጀምር ዝቅተኛ ማርሽ ያስገቡ፤ መሃል ላይ ዋናውን ፍሪሲዮን አይርገጡ፣ አይሳቡ፣ ማርሽም አይቀይሩ። አቅጣጫ መቀየር ካለብዎ መሪ ፍሪሲዮኑን ትተው እጀታውን በሰውነትዎ ይግፉት። አዲስ ሰው ትራክተሩን ከመያዙ በፊት ይህን ባዶ ሜዳ አጠገብ ባለች ትንሽ ተዳፋት ላይ ይለማመደው።

እርጥብ ቀይ አፈርና የቡና ሥር

የጅማ ቀይ አፈር ሸክላ ይበዛበታል። ዝናቡ እንዳባራ ሮታቬተር (በሚሽከረከሩ ቢላዎች አፈር የሚያለሰልሰው) ሲገባበት ላዩ የለሰለሰ ይመስላል፤ ከቢላዎቹ ሥር ግን ሥርና ውኃ የማያሳልፍ ልሙጥ ወለል ይቀራል። ከ10 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት እፍኝ ያህል ይውሰዱ፣ ጨብጠው ከወገብ ቁመት ይጣሉት። ከተበታተነ ይግቡ፤ እንደ ሊጥ ከተጠፈጠፈ ይጠብቁ።

ቡና ሥር ግን ደረቅም ቢሆን አይግቡ። ቡና የሚመገብባቸው ቀጫጭን ሥሮች በአብዛኛው በላይኛው 30 ሳንቲ ሜትር ውስጥ ናቸው፤ ሮታቬተሩም የሚሠራው እዚያው ነው። ቅርንጫፉ ከሚያጠላበት ውጪ ይቁም፤ ከጥላው በታች ያለውን አረም በማጭድ ይጨዱት። የተቆረጠ ሥር ወዲያው አይታወቅም፤ ቅጠሉ የሚጠወልገው ዝናቡ ሄዶ በጋ ሲበረታ ነው።

ማኖቬላ ሲይዙ

አውራ ጣትዎን ከሌሎቹ ጣቶች ጋር በአንድ ወገን ያድርጉ እንጂ አይጠቅልሉበት። ሞተሩ ወደ ኋላ ቢመልሰው እጅዎ ይለቀቃል፣ አውራ ጣትዎም ይተርፋል።