ፒ53 በዌስተርን ብሎት አልታይ ሲል፣ ሲበዛ ወይም ሲያሳስት፦ ችግርና መፍትሄ

ፒ53 የተባለውን ዕጢን የሚገታ ፕሮቲን በዌስተርን ብሎት (ፕሮቲኖችን በጄል በክብደት ለይቶ፣ ወደ መምብሬን አዛውሮ፣ በአንቲቦዲ እንደ ባንድ በሚያሳይ ዘዴ) ማጥናት የጀመሩ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝ «አንቲቦዲው ተበላሽቶ ይሆን?» ብለው ነው። አልፎ አልፎ እውነትም ተበላሽቶ ይገኛል። አብዛኛውን ጊዜ ግን ምክንያቱ ያለው ሴሉ ውስጥ ነው። ይህ ፕሮቲን የሚፈርስበት ፍጥነትና የሚነቃበት መንገድ የተለየ ስለሆነ፣ እንደ አክቲንና ቱቡሊን በሴል ውስጥ ሁልጊዜ በብዛት ለሚገኙ ፕሮቲኖች የሠራልን አካሄድ ለእሱ አይበቃውም። ስለዚህ አንቲቦዲ ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ፦ በእጄ ያለው ሴል ምን ዓይነት ሴል ነው?

ለማስታወስ ያህል፣ ፒ53 393 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ ጂኑ በ17ኛው ክሮሞዞም አጭር ክንድ ላይ የሚገኝ ፕሮቲን ነው። ዲኤንኤ ሲጎዳ ሌሎች ጂኖችን ያስነሳና ሴሉ መከፋፈሉን እንዲያቆም ወይም ራሱን እንዲያጠፋ ያደርጋል። ከሰው ካንሰሮች ግማሽ ያህሉ ይህ ጂን ተበላሽቶባቸው ይገኛል። ዕጢን ከሚገቱ ፕሮቲኖች ሁሉ ይህን ያህል የተጠና የለም፤ ይህን ያህል ሰው ያሳሳተም ያለ አይመስለኝም።

ባንዱ ጭራሽ አይታይም

አክቲኑ ደምቆ ወጥቷል፣ የክብደት መለኪያው ማርከር በደንብ ተላልፏል፣ 53 ኪሎዳልተን አካባቢ ግን ባዶ ነው።

በመጀመሪያ የሴሉን ማንነት እዩ። ኤች1299 እና ሳኦስ2 የሚባሉት ሴሎች ፒ53 የላቸውም፤ ጂኑ ከውስጣቸው ስለጠፋ ምንም ብታደርጉ ባንድ አይወጣም። ሂላ የምትባለው የሴል መስመር ደግሞ ሌላ ታሪክ አላት። ጂኑ ጤነኛ ነው፣ ፕሮቲኑም ይመረታል፤ ነገር ግን ሂላ ውስጥ ያለው የሂዩማን ፓፒሎማ ቫይረስ 18 ኢ6 የሚባል ፕሮቲን አለው። ኢ6 ከሴሉ ኢ6ኤፒ ጋር ተባብሮ ፒ53ን እየያዘ ወደ ፕሮቲን መፍጫው፣ ወደ ፕሮቲያሶም ይልከዋል። እኔ በጀማሪነቴ ሂላ ላይ ሦስት ሳምንት ሙሉ አንቲቦዲ ሳቀያይር፣ መምብሬን ስቀይር፣ በፈር ስሠራ ቆይቻለሁ። መልሱ ግን መጀመሪያ ቀን ላይ ስለ ሴሉ ማንበብ ነበር። ስለዚህም ነው ይህን ጽሑፍ የምጽፈው።

ሴሉ ጤነኛ ፒ53 ያለው ከሆነስ? ለምሳሌ ኤምሲኤፍ7፣ ኤችሲቲ116፣ ኤ549 ወይም ዩ2ኦኤስ? እዚህ ላይ ባንዱ መድከሙ የሚጠበቅ ነው። ሴሉ ምንም ችግር ካልደረሰበት ፒ53 ከተመረተ በኋላ ግማሹ በ20 ደቂቃ ያህል ወይም ከዚያ ባነሰ ጊዜ ይፈርሳል። የሚያስፈርሰው ኤምዲኤም2 ነው፤ ዩቢኪቲን የሚባለውን ምልክት እየለጠፈበት ለፕሮቲያሶም ያስረክበዋል። የሚገርመው ኤምዲኤም2ን የሚያስመርተው ራሱ ፒ53 መሆኑ ነው። ፒ53 ሲበዛ ኤምዲኤም2 ይበዛል፣ ኤምዲኤም2 ሲበዛ ፒ53 ይቀንሳል። ሴሉ ይህን መቆጣጠሪያ ባይኖረው ኖሮ በትንሹም በትልቁም መከፋፈሉን ባቆመ ነበር።

መፍትሄው ፕሮቲኑን ማስነሳት ነው። ዶክሶሩቢሲን ወይም ኢቶፖሳይድ ዲኤንኤውን ስለሚጎዱ ፒ53ን ያከማቻሉ። እኔ ለመፈተሻ የምመርጠው ግን ነትሊን3 ነው። ኤምዲኤም2 ፒ53ን የሚይዝበትን ጎድጓዳ ቦታ ይዘጋል፣ ዲኤንኤውን ግን አይነካም። ከ5 እስከ 10 ማይክሮሞላር ሰጥታችሁ ሌሊቱን አሳድሩት። ፕሮቲያሶምን የሚያግደው ኤምጂ132ም ይሠራል፤ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይበቃዋል፣ ከዚያ በላይ ካቆያችሁት ሴሉን መግደል ይጀምራል። ሂላ ላይ ነትሊን3 ብቻውን ብዙ አይረዳም፤ እዚያ ፕሮቲኑን የሚያስፈርሰው በዋናነት ኢ6 ነውና።

አሰባሰቡም ይታይ። ዕድሜው በደቂቃ የሚቆጠር ፕሮቲን ይዛችሁ ሴሎቹን በትሪፕሲን አንስታችሁ፣ አጥባችሁ፣ ቆጥራችሁ፣ ቡና ጠጥታችሁ ከተመለሳችሁ የምታገኙት ሌላ ውጤት ነው። ሳህኑን በረዶ ላይ አድርጉ፣ በቀዝቃዛ ፒቢኤስ እጠቡ፣ ፕሮቲን እንዳይፈርስ የሚያደርጉ መድኃኒቶች የተጨመሩበት ሪፓ በፈር (ሴሉን የሚያሟሟ ፈሳሽ) አፍስሱና ወዲያው ፋቁት። ፒ53 ዲኤንኤ ላይ የሚቀመጥ ፕሮቲን ስለሆነ፣ ለስላሳ በፈር ከተጠቀማችሁ ከፊሉ ከክሮማቲኑ ጋር በዝቃጩ ውስጥ ይቀራል። አጭር ሶኒኬሽን (በድምፅ ሞገድ መሰባበር) ይህን ይፈታል፤ ናሙናውም እንደ ንፍጥ መዝለግለጉን ያቆማል።

የመጨረሻው ጥርጣሬ አንቲቦዲው ላይ ነው። ዲኦ1 በብዙ ላቦራቶሪ የሚገኝ ጥሩ አንቲቦዲ ነው፣ የሚያውቀው ግን የሰውን ፒ53 ነው፣ የአይጡን አያውቅም። የአይጥ ሴል ላይ ከሞከራችሁት ባዶ መምብሬን ነው የምታዩት። ለአይጥ ሲኤም5 ወይም 1ሲ12 ውሰዱ።

ባንዱ አለ፣ ቦታው ግን ግራ ያጋባል

የፒ53 ትክክለኛ ክብደት ወደ 44 ኪሎዳልተን ነው። ስሙ የመጣው ጄል ላይ ከሚታይበት ቦታ ነው፤ በፕሮሊን የበለጸገው ክፍሉ በጄሉ ውስጥ ያዘገየዋል። ስለዚህ ክብደቱን ከአሚኖ አሲዶቹ ቅደም ተከተል የሚያሰላ ሶፍትዌር 44 ብሎ መምብሬኑ 53 ቢል አትደናገጡ።

ተጠጋግተው የወጡ ሁለት ባንዶች ካያችሁ 72ኛውን አሚኖ አሲድ አስቡ። በአንዳንድ ሰዎች ፕሮሊን፣ በሌሎች አርጂኒን ነው፣ ሁለቱም ጤነኛ ናቸው። ፕሮሊን ያለው ጥቂት ዝግ ብሎ ይሄዳል። ከኤምጂ132 በኋላ ወደ ላይ የሚወጣ መሰላል ዩቢኪቲን የተለጠፈበት ፒ53 ነው። ወደ ታች ያሉት ትንንሽ ባንዶች አጫጭር ዓይነቶቹ ወይም የፈረሰ ናሙና ሊሆኑ ይችላሉ፤ ለመለየት ፒ53 የሌለውን ኤች1299 ጎን ለጎን ጫኑ። እዚያም ከወጣ ባንዱ የፒ53 አይደለም።

ፒ53 ደምቋል፣ ፒ21 ግን የለም

ከሁሉም በላይ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ነው። ፒ21 ፒ53 ከሚያስነሳቸው ጂኖች ዋነኛው ነው፣ ሴሉን ከመከፋፈል የሚያቆመውም እሱ ነው። ፒ53 በዝቶ ፒ21 ካልተነሳ፣ የበዛው ፕሮቲን ሥራ እየሠራ አይደለም ማለት ሊሆን ይችላል። የባንድ ድምቀት የፕሮቲኑን መጠን ይነግረናል፣ ሥራውን ግን አይነግረንም። «ፒ53 ጨመረ» የሚል ጽሑፍ ሳነብ ዓይኔ ቀድሞ የሚፈልገው የፒ21ን መምብሬን ነው።

ዋናው ምክንያት ሚውቴሽን ነው። ኤስኬቢአር3 ውስጥ 175ኛው አርጂኒን ወደ ሂስቲዲን ተለውጧል፤ ኤችቲ29 ውስጥ 273ኛው አርጂኒን ወደ ሂስቲዲን፤ ኤምዲኤ ኤምቢ 231 ውስጥ ደግሞ 280ኛው አርጂኒን ወደ ላይሲን። ሦስቱም ለውጦች ያሉት ፕሮቲኑ ዲኤንኤ በሚይዝበት ክፍል ላይ ነው። ዲኤንኤ መያዝ ያልቻለ ፒ53 ኤምዲኤም2ን እንደሚገባ አያስመርትም፣ አስፈራሹ ሲጎድል ደግሞ ራሱ ይከማቻል። ስለዚህ ምንም መድኃኒት ሳትሰጡ የሚደምቅ ባንድ ካያችሁ መጠርጠር ያለባችሁ ሚውቴሽንን ነው። መፍትሄው የጂኑን ፊደላት ቅደም ተከተል ማስነበብ (ሲኩዌንሲንግ) ነው፤ ሌላው ሁሉ ግምት ነው።

ሁለተኛው ምክንያት እንደገና ቫይረስ ነው። ኤችኢኬ293 የአዴኖቫይረስ ፕሮቲኖች አሉት፤ 293ቲ ደግሞ በተጨማሪ ኤስቪ40 የሚባለው ቫይረስ ያለውን ትልቁን ቲ አንቲጅን ይዟል። እነዚህ ፒ53ን አጥብቀው ይይዙታል፣ እንዳይፈርስም እንዳይሠራም ያደርጉታል። 293ቲ ለትራንስፌክሽን (ጂን ለማስገባት) ምቹ ስለሆነ ብቻ የፒ53 ጥናት በላዩ ላይ የሚሠራ ሰው ሳይ ያሳዝነኛል። ፕሮቲኖች መገናኘታቸውን ለማየት ያገለግላል፤ ዕጢ የመግታት ሥራውን ለመለካት ግን አያገለግልም።

ሦስተኛው ሰዓቱ ነው። ኤምሲኤፍ7 ሴሎች በጋማ ጨረር ሲመቱ ፒ53 አንዴ ወጥቶ አይቆምም፤ በየ5 ሰዓት ተኩል ያህል ከፍ ዝቅ ይላል። አንድ ሰዓት ብቻ መርጣችሁ ከሰበሰባችሁ ከፍታው ላይ ወይም ዝቅታው ላይ ልትወድቁ ትችላላችሁ። ፒ21ም መጀመሪያ መገልበጥ፣ ከዚያ መመረት ስላለበት ዘግይቶ ነው የሚመጣው። ቢያንስ 0፣ 2፣ 4፣ 8 እና 24 ሰዓት ላይ ሰብስቡ። በከፍተኛ መጠን የተሰጠ አልትራቫዮሌት ደግሞ ፒ53ን እያከማቸም ፒ21ን ሊያሳንስ ይችላል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ግን ፒ21 በመምብሬኑ አልፎ እንዳልሄደ አረጋግጡ። ትንሽ ፕሮቲን ነው። ከ12 እስከ 15 በመቶ ጄል፣ ቀዳዳው 0.2 ማይክሮሜትር የሆነ መምብሬን እና አጠር ያለ ትራንስፈር ያስፈልገዋል።

የሚውቴሽኑን ጉዳይ ይህን ያህል የማጠብቀው የፒ53 ታሪክ ራሱ በዚህ ስህተት ስለጀመረ ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ዴቪድ ሌን፣ አርኖልድ ሌቪንና ሌሎችም በየፊናቸው ከኤስቪ40 ቲ አንቲጅን ጋር ተጣብቆ የሚወጣ አንድ ፕሮቲን አገኙ። በካንሰር ሴሎች ውስጥ በብዛት ይገኝ ነበር። በ1984 ደግሞ ራስ ከሚባለው ካንሰር አምጪ ጂን (ኦንኮጂን) ጋር ወደ ጤነኛ ሴል ሲገባ ሴሉን ወደ ካንሰርነት ሲያዞረው ታየ። ካንሰር አምጪ ነው ተባለ፤ ለዓመታትም እንዲሁ ተያዘ። በኋላ ሲመረመር ብዙዎቹ ላቦራቶሪዎች ይሠሩባቸው የነበሩት ቅጂዎች ሚውቴሽን ያለባቸው ሆነው ተገኙ። በ1989 ጤነኛው ቅጂ ሲሞከር ሴሎቹን ወደ ካንሰር ከመዞር አገዳቸው። እነዚያ ተመራማሪዎች ትጉሃን ነበሩ፣ ሙከራዎቻቸውም በጥንቃቄ የተሠሩ ነበሩ። በቱቦው ውስጥ ያለው ጂን ግን የመሰላቸው ጂን አልነበረም። ስለዚህ ከሌላ ላቦራቶሪ የተላከላችሁን ፕላስሚድ (ጂን የሚሸከም ክብ ዲኤንኤ) ቱቦው ላይ ምንም ቢጻፍ ከመጠቀማችሁ በፊት ከጫፍ እስከ ጫፍ አስነብቡት።

ፎስፎ አንቲቦዲ ላይ መምብሬኑ ሁሉ ይጠቁራል

15ኛው ሴሪን ላይ ፎስፌት መኖሩን የሚያሳየው አንቲቦዲ፣ ኤቲኤም እና ኤቲአር የሚባሉት ኢንዛይሞች ፒ53ን መንካታቸውን ለማየት ይጠቅማል። መምብሬኑን በወተት ከሸፈናችሁት ወተቱ ውስጥ ያለው ኬዚን ራሱ ፎስፌት የተሸከመ ፕሮቲን ስለሆነ ጥላ ሊያመጣ ይችላል። በ5 በመቶ ቢኤስኤ (የከብት ደም ፕሮቲን) ተኩት፣ ማጠቢያውንም ፎስፌት ካለበት ፒቢኤስ ወደ ሌለበት ቲቢኤስቲ ቀይሩ። ምልክቱ ጨርሶ ከጠፋ ደግሞ በፈሩ ውስጥ ፎስፌትን የሚነቅለውን ፎስፋታዝ የሚያግድ መድኃኒት መኖሩን እዩ።

ከኢሚዩኖፕረሲፒቴሽን (ፕሮቲንን በአንቲቦዲ ከማጥመድ) በኋላ 50 አካባቢ ወፍራም ባንድ ይወጣል

ኮንትሮሉም ላይ ያው ወፍራም ባንድ ካለ፣ የምታዩት ፒ53ን ሳይሆን ለማጥመድ የተጠቀማችሁበትን አንቲቦዲ ከባድ ሰንሰለት ነው። ክብደቱ ከ50 እስከ 55 ኪሎዳልተን ስለሆነ በትክክል ፒ53 የሚወጣበት ቦታ ላይ ያርፋል። በአይጥ አንቲቦዲ ካጠመዳችሁ በጥንቸል አንቲቦዲ እዩ፣ ወይም ቀላሉን ሰንሰለት ብቻ የሚያውቅ ሁለተኛ አንቲቦዲ ተጠቀሙ። በዚያው ምክንያት ቱቡሊን ለፒ53 መምብሬን ጥሩ ኮንትሮል አይደለም፤ ቦታቸው ይጋጫል። 37 ላይ የሚወጣው ጋፕዲኤች ይሻላል።

ጂኑን ስጨምር ወይም ሳጠፋ ሴሎቹ ያልቃሉ፣ የተረፉትም ይለዋወጣሉ

ጤነኛ ፒ53ን ወደ ኤች1299 አስገብታችሁ ቋሚ የሴል መስመር ለመሥራት ከሞከራችሁ፣ ፕሮቲኑ ሥራውን በደንብ ስለሚሠራ ሴሎቹ ይቆማሉ ወይም ይሞታሉ። ከምርጫው የሚተርፉት ያስገባችሁትን ጂን ያጠፉት ወይም ያበላሹት ናቸው። በቴትራሳይክሊን የሚበራና የሚጠፋ ሥርዓት ተጠቀሙ፤ ሴሎቹን ጂኑ ጠፍቶ እያለ አሳድጉ፣ ሙከራው ቀን አብሩት።

ኤምዲኤም2ን ስታጠፉም የሚሆነው ተመሳሳይ ነው። ኤምዲኤም2 የሌላቸው የአይጥ ፅንሶች ገና በጅምሩ ይሞታሉ፤ ፒ53ም አብሮ ከጠፋ ግን ይወለዳሉ። ስለዚህ ኤምዲኤም2ን በክሪስፐር (በጂን መቁረጫ ዘዴ) ካጠፋችሁ በኋላ የሚያድግ ክሎን (ከአንድ ሴል የተባዛ ስብስብ) ካገኛችሁ በመጀመሪያ የፒ53ን ጤንነት መርምሩ።

ክሪስፐር በራሱም አንድ ወጥመድ አለው። የክሪስፐር መቁረጫ ኢንዛይም ካስ9 ዲኤንኤውን ሁለቱንም ገመድ ስለሚቆርጥ ፒ53ን ይቀሰቅሳል፤ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጡ ጥናቶች እንዳሳዩት ይህ ፒ53 የተበላሸባቸውን ሴሎች እንዲመረጡ ሊያደርግ ይችላል። ሌላ ጂን እያጠናችሁም ቢሆን ከክሎኖቹ ጥቂቱን ነትሊን3 ላይ ሞክሩ። ጤነኛ ፒ53 ያላቸው ማደጋቸውን ያቆማሉ፤ ምንም ሳይሰማቸው የሚያድጉት ፒ53ን ያጡ ሊሆኑ ስለሚችሉ ከሙከራው አውጧቸው።

ባለፈው ወር የሠራው ዛሬ አልደግምም ይላል

ዶክሶሩቢሲን ብርሃን ያበላሸዋል፣ በፎይል ጠቅልሉት። ኤምጂ132ን በትንንሽ ቱቦ ከፋፍላችሁ አቀዝቅዙ፣ እያቀለጣችሁ አትመልሱት። ሴሎቹ ሳህኑን ሞልተው እስኪጨናነቁ አትጠብቁ፤ ከ60 እስከ 70 በመቶ ሲደርሱ ሙከራውን ጀምሩ።

ይህ ሁሉ ተደርጎ ካልተስተካከለ ሁለት ምርመራ አድርጉ። አንደኛው የሴሉን ማንነት በኤስቲአር (በዲኤንኤ አሻራ) ማረጋገጥ ነው፤ የሴል መስመሮች መቀላቀል በብዙ ላቦራቶሪዎች የደረሰ ነገር ነው። ሁለተኛው ማይኮፕላዝማ (ሴሎችን የሚበክል ጥቃቅን ባክቴሪያ) ነው። በተራ ማይክሮስኮፕ አይታይም፣ ማሳደጊያ ፈሳሹን አያደፈርስም፣ የሴሉን የጭንቀት ምላሽ ግን ይለውጣል። በፒሲአር መርምሩ፤ ከተገኘ ያንን ፍላስክ በብሊች አጥፍታችሁ ጣሉት፣ ኢንኩቤተሩን አጽዱ፣ ከናይትሮጅን ታንኩ የቀድሞ ቱቦ አውጥታችሁ ያንኑም ከመርመራችሁ በኋላ ከ0 ሰዓቱ ጀምሩ።