የስፓኒሽ ሰዓትና የቀን ክፍሎችን ለመማር

ቃላቱን ከመያዝዎ በፊት ቆጠራውን ያስተካክሉ። እኛ ሰዓትን የምንቆጥረው ከንጋት ተነሥተን ሲሆን ስፓኒሽ ተናጋሪዎች ከእኩለ ሌሊት ስለሚጀምሩ በመካከላችን የ6 ሰዓት ልዩነት አለ። ይሁንና ስሌት ውስጥ መግባት አያስፈልግም፤ የእጅ ስልክዎ 9:15 ሲያሳይ «3 ከሩብ» ብሎ የመመለስ ልማድዎን ትተው ቁጥሩን እንደተጻፈ በስፓኒሽ ያንብቡት፦ «ሶን ላስ ኑዌቤ ኢ ክዋርቶ»። «ሶን» የሚለው ግስ ከ2 ጀምሮ ላሉት ሰዓቶች ሁሉ ያገለግላል፤ ለ1 ሰዓት ብቻ «ኤስ ላ ኡና» ይባላል።

«ኢ ክዋርቶ» የእኛ «ከሩብ»፣ «ኢ ሜዲያ» ደግሞ «ተኩል» ነው። 2:45ን በስፔን «ላስ ትሬስ ሜኖስ ክዋርቶ» ማለትም «ሦስት ሲቀነስ ሩብ» ይሉታል። በሜክሲኮ ግን «ክዋርቶ ፓራ ላስ ትሬስ» ሲባል ይሰማሉ፤ ይህ «ለሦስት ሩብ ጉዳይ» ከሚለው አነጋገራችን ጋር እጅግ ስለሚቀራረብ ለአማርኛ ተናጋሪ የሚቀልለው እርሱ ይመስለኛል።

«ከጠዋቱ»ና «ከሌሊቱ» እንደምንለው ሁሉ በስፓኒሽም ከሰዓቱ ቀጥሎ የቀኑ ክፍል ይጠራል፦ «ዴ ላ ማኛና» የጠዋቱ፣ «ዴ ላ ታርዴ» የከሰዓት በኋላው፣ «ዴ ላ ኖቼ» የምሽቱ፣ «ዴ ላ ማድሩጋዳ» ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋት ያለው ነው። ስለዚህ ከሌሊቱ 9 ሰዓት «ላስ ትሬስ ዴ ላ ማድሩጋዳ» ይሆናል። ሰዓቱ ሳይጠቀስ «ጠዋት» ብቻ ለማለት ሲፈለግ በስፔን «ፖር ላ ማኛና» ይባላል፤ በላቲን አሜሪካ «ኤን ላ ማኛና» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። «ማኛና» ለብቻው ሲቆም «ነገ» ማለትም ስለሆነ «ማኛና ፖር ላ ማኛና» ቢሰሙ ተናጋሪው ተሳስቶ እንዳይመስልዎ፤ «ነገ ጠዋት» ማለቱ ነው።

ጥንቃቄ የሚሻው «ታርዴ» ነው። በስፔን ምሳ የሚበላው በእኛ 8 ሰዓት ገደማ በመሆኑ፣ እኩለ ቀን ካለፈም በኋላ ምሳ እስኪበሉ ድረስ «ብዌኖስ ዲያስ» እያሉ የሚሰላመቱ አሉ። በበጋ ደግሞ ፀሐይ ዘግይታ ስለምትጠልቅ እኛ ከምሽቱ 2 ሰዓት የምንለውን «ላስ ኦቾ ዴ ላ ታርዴ» ይሉታል። «ብዌናስ ኖቼስ» ሲመሽ ለሰላምታም ለስንብትም ያገለግላል፤ «እንደምን አመሹ»ንም «ደህና እደሩ»ንም ይተካል።

ለአንድ ሳምንት ስልክዎን ባዩ ቁጥር ሰዓቱን ከነቀኑ ክፍል ድምፅዎን አሰምተው በስፓኒሽ ይናገሩ።