የጠላዬ መሆምጠጥ መንስኤና መፍትሔው

ሁለት ጊዜ የጠመቅሁት ጠላ በአራት በአምስት ቀኑ ሆምጥጦ ተደፋ። ጥፋቱን በጌሾው ላይ ሳሳብብ ከርሜ፣ ባዶውን ጋን በባትሪ ብመለከት ከአንገቱ በታች፣ እጅ በማይደርስበት ቦታ፣ ያለፈው ድፍድፍ እንደ ቅርፊት ደርቆ አገኘሁት። በሦስተኛው ጊዜ ጋኑን በግራዋ ቅጠል ደጋግሜ አጠብሁና ፀሐይ ላይ አድርቄ በወይራ አጠንሁት፤ እናቴ ይህን ስታደርግ ለሽታው ብቻ ይመስለኝ ነበር። ቀድሞ በጨርቅ ብቻ እሸፍነው የነበረውን አፉንም፣ አልኮልን ወደ ሆምጣጤ የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ስለሚሹ፣ ፍላቱ ከበረደ በኋላ በጭቃ መረግሁት። ዛሬ አሥረኛ ቀኑ ነው፤ የጌሾው ምሬት ጥርት ብሎ ይሰማል፣ ጉሮሮ የሚቧጥጠው ኮምጣጣነት ግን የለም።