በሞት ለተለየ የትዳር ጓደኛ መታሰቢያ ስኮላርሺፕ እንዴት ይቋቋማል?

ባለቤቱን በሞት የተነጠቀ ሰው ውሎ አድሮ አንድ ጥያቄ ይመጣበታል። ስሙን በምን ላቆየው? ስሟን በምን ላስጠራው? ከመልሶቹ አንዱ ተማሪ ማስተማር ነው።

አዲስ ነገር አይደለም። ሌዲ አን ሞውልሰን የተባሉ የለንደን ሴት ባላቸው ከሞቱባቸው በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1643፣ ለሃርቫርድ ኮሌጅ 100 ፓውንድ ሰጡ። ገንዘቡ የሚያስገኘው ገቢ ለችግረኛ ተማሪ እንዲውል ነበር ሐሳባቸው። የሃርቫርድ የመጀመሪያው ስኮላርሺፕ ይኸው ነው። እ.ኤ.አ. በ1894 ራድክሊፍ የተባለው የሴቶች ኮሌጅ ስሙን ያገኘው ከእኚሁ ሴት የአባት ቤት ስም ነው።

መጀመሪያ አይቸኩሉ

ለኮሌጅ የተሰጠ ገንዘብ አይመለስም። ሐዘኑ ገና ትኩስ ሳለ ደግሞ ልብ ሁሉን መስጠት ይፈልጋል። ስለዚህ ቢያንስ ጥቂት ወራት ይታገሱ። ውርሱ ይጣራ፣ ዕዳ ካለ ይከፈል፣ የልጆች ድርሻ ይለይ። እርስዎ ራስዎ ያለ ሰው እጅ መኖር እንደሚችሉ እርግጠኛ ይሁኑ። ሟች እርስዎ ተቸግረው ስማቸው እንዲጠራ አይወዱም ነበር።

አንድ ገጽ ይጻፉ

እየጠበቁ ሳለ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዘው ይቀመጡ። ስለ ሥራ ማዕረግ አይጻፉ፣ ያንን ሁሉም ያውቀዋል። ማታ ማታ ለጎረቤት ልጅ ሒሳብ ታስረዳ እንደነበር ይጻፉ። ከሁለተኛ ዓመት ያቋረጠውን ትምህርት ሲያነሳ ድምፁ ዝቅ ይል እንደነበር ይጻፉ። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ደብተር ካለ ያውጡት፤ ዳር ዳሩ ላይ በእርሳስ የተጫረችውን ሳይቀር ያንብቡ። ስኮላርሺፑ ማንን እንደሚረዳ የሚነግርዎት ይህ ገጽ ነው። ትምህርቱን ላቋረጠው ሰው መታሰቢያ የሚሆነው ምናልባት አቋርጦ ለተመለሰ ተማሪ የሚሰጥ ድጋፍ ነው። የክፍሉ አንደኛ ለወጣ የሚሰጥ ሽልማት እሱን ላይመስል ይችላል።

ዘላቂ ይሁን ወይስ በየዓመቱ የሚከፈል?

ሁለት መንገድ አለ። በዘላቂ ፈንድ ዋናው ገንዘብ አይነካም። ኮሌጁ ኢንቨስት ያደርገዋል፣ በየዓመቱም ጥቂቱን ብቻ ለተማሪ ያወጣል። የተለመደው ከ4 እስከ 5 በመቶ ነው። 100,000 ቢሰጡ በዓመት 4,000 ገደማ ማለት ነው። ብዙ ሰው እዚህ ጋ ይደነግጣል፤ "ይህችው ብቻ?" ይላል። ምክንያት አለው። ፈንዱ 7 በመቶ አትርፎ 4 ቢያወጣ፣ የቀረው 3 በመቶ የዋጋ ንረቱን ይሸፍናል። ዛሬ አንድ ተማሪ የሚደግፈው ገንዘብ ከ30 ዓመት በኋላም አቅሙን እንዲይዝ ነው። ገበያው ሲወርድ ተማሪው እንዳይጎዳም ብዙ ኮሌጆች የሦስት ዓመቱን አማካይ ወስደው ያሰላሉ። ፈንዱ በሦስት ዓመት 100,000፣ ከዚያ 85,000፣ ከዚያ 115,000 ቢሆን፣ ስሌቱ የሚሠራው በ100,000 ነው።

ሁለተኛው መንገድ በየዓመቱ እየሰጡ እዚያው በየዓመቱ ማዋል ነው። እርስዎ ሲያቆሙ እሱም ይቆማል። ገንዘቡ ለዘላቂ ፈንድ የማይበቃ ከሆነ ግን እኔ የምመክረው ይሄንን ነው። አንድ ተማሪ ከመጀመሪያ ዓመት እስከ ምረቃ ይዞ ማድረስ ትልቅ ነገር ነው። ሐሳቡ ከተሳካ ደግሞ ወደ ዘላቂነት ማሳደግ ይቻላል።

ኮሌጁን ያነጋግሩ

የስጦታ ጉዳይ የሚይዘውን ክፍል ይጠይቁ። ዝቅተኛው መጠን ስንት ነው? በሦስት ወይም በአምስት ዓመት ከፋፍሎ መክፈል ይቻላል? ለማስተዳደሪያ ምን ያህል ይቆረጣል? የመጀመሪያው ተማሪ መቼ ያገኛል? ገንዘቡ መጀመሪያ መውለድ ስላለበት አንድ ዓመት ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል።

አንዱን ጥያቄ ግን እንዳይዘሉት። አንዳንድ ኮሌጆች ተማሪው ስኮላርሺፕ ሲያገኝ ቀድሞ ይሰጡት የነበረውን እርዳታ በዚያው ልክ ይቀንሱበታል። እንዲያ ከሆነ የእርስዎ ገንዘብ ለልጁ ጠብ የሚል ነገር አላመጣም፤ የኮሌጁን ወጪ ነው የሸፈነው። "በተማሪው እጅ ላይ የሚጨመር ነው?" ብለው በግልጽ ይጠይቁ፣ መልሱንም በጽሑፍ ይቀበሉ።

ውሉ ላይ "ብቻ" የሚለውን ቃል ይፍሩት

ሐዘን ላይ ያለ ሰው ሟችን ቁርጥ የሚመስል ተማሪ ይፈልጋል። የዚያ አገር ልጅ፣ በዚያ ትምህርት ክፍል፣ በዚያ ዓይነት ቤት ያደገ። እንዲህ ያለ መስፈርት ሲጻፍ ያምራል፤ ከአሥር ዓመት በኋላ ግን የሚያሟላ ተማሪ ይጠፋና ገንዘቡ ተቆልፎ ይቀመጣል። "ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ብቻ" ከማለት "ለሲቪል ምህንድስና ተማሪዎች ቅድሚያ ይሰጣል" ማለት ይሻላል። አንዲት ቃል ናት፣ ግን ፈንዱን ከመታሰር ታድነዋለች። የትምህርት ክፍሉ ቢዘጋ ወይም ስሙ ቢለወጥ ገንዘቡ ለቅርብ ተመሳሳይ ዓላማ እንዲውል የሚል አንቀጽም ያስገቡ። ያ የጻፉት አንድ ገጽ ከውሉ ጋር ይያያዝ። ወደፊት ውሉን የሚተረጉም ሰው ሟች ማን እንደነበሩ ይረዳል።

ተማሪውን የመምረጡን ነገር ለኮሚቴ ይተዉት። በብዙ አገር ሰጪው ራሱ ተቀባዩን ከመረጠ ወይም ለዘመዱ ካዋለው የግብር ቅናሹ ይቀራል። ከመፈረምዎ በፊት የግብር ባለሙያ ቢያዩት ጥሩ ነው።

ገንዘቡ የግድ ከአንድ ኪስ መምጣት የለበትም። የሥራ ባልደረቦችና ጓደኞች ሊያዋጡ ይችላሉ። ሠራተኛው በሰጠው ልክ የሚጨምሩ መሥሪያ ቤቶች አሉ። ቀሪውን በኑዛዜ ወይም በሕይወት መድን በኩል ማሟላትም ይቻላል።

ስሙን ሲያስመዘግቡ ሰው ይጠራቸው የነበረበትን ስም ይምረጡ። ልጆች ካሉ ይጠየቁ፤ ብዙ ጊዜ እነሱ ናቸው ትክክሉን የሚያውቁት።

በመጨረሻ አንድ ፋይል ያዘጋጁ። ውሉ፣ ያ አንድ ገጽ፣ የኮሌጁ አድራሻ፣ ተማሪዎች የሚልኩት የምስጋና ደብዳቤ በውስጡ ይቀመጥ። ከእርስዎ በኋላ ደብዳቤው ለማን እንደሚላክም አሁኑኑ ለኮሌጁ ያስመዝግቡ። ፋይሉን ለዚያ ሰው ያሳዩት፣ የት እንዳለም ይንገሩት።