ቢጫ ዝኩኒ በጓሮ ሲያለሙ የሚሠሩ ስህተቶች
አንዲት ጎረቤቴ ባለፈው ዓመት ከአጥሩ ማዶ ጠራችኝ፤ በአንድ እጇ መኮትኮቻ ይዛለች። "ዝኩኒዬ ገና ሳያድግ በስሎብኛል፣ ልነቅለው ነው" አለችኝ። ሄጄ ሳይ ከአበባው ሥር ጣት የማታክል ፍሬ እንደ ቅቤ ቢጫ ሆና ተቀምጣለች። በሽታ አልነበረም፣ መብሰልም አልነበረም። ቢጫ ዝኩኒ ሲፈጠርም ቢጫ ነው።

የመጀመሪያውና ትልቁ ስህተት ይህ ነው፦ ቀለሙን የመብሰል ምልክት አድርጎ ማየት። ቲማቲም ከአረንጓዴ ወደ ቀይ ሲሄድ እናያለንና ሁሉም እንደዚያ ይመስለናል። በተቃራኒው ደግሞ "ይበልጥ ወርቅ ይምሰል" ብለው የሚጠብቁ አሉ፤ እነሱ ዱላ የሚያክል፣ ቆዳው የጠነከረ፣ ውስጡ ዘር ብቻ የሆነ ነገር ይለቅማሉ። መለኪያው ርዝመቱ ነው። ከ15 እስከ 20 ሴንቲ ሜትር ሲደርስ፣ ጥፍርዎ ቆዳውን በቀላሉ ሲበሳው በቢላ ይቁረጡት። ሞቅ ባለ ጊዜ አበባው በተከፈተ በሳምንት ገደማ ይደርሳል። አንድ ፍሬ እንኳ ተረስታ ከገዘፈች ተክሉ ኃይሉን ወደ ዘሯ ያዞርና አዲስ ፍሬ ማፍራቱን ይቀንሳል። ደግነቱ ቢጫው ከቅጠሉ መሐል ቦግ ብሎ ስለሚታይ እንደ አረንጓዴው አይደበቅም። (ወጥ ቤት ሲገባም አይላጡት፤ ቢጫነቱ ያለው ቆዳው ላይ ነው፣ ሲላጥ ከሌላው ዝኩኒ አይለይም።)

አበባውን አለማወቅ ሌላው ጣጣ ነው። ዝኩኒ ወንዴና ሴቴ አበባ ለየብቻ ያወጣል። ወንዴው በቀጭን ረጅም ዘንግ ላይ ይቆማል፤ ሴቴዋ ከሥሯ ትንሽ ፍሬ አዝላ ትወጣለች። ብዙውን ጊዜ ቀድመው የሚመጡት ወንዴዎቹ ናቸው፣ ተከፍተውም ይረግፋሉ። ይህን ያየ ሰው ደንግጦ ዩሪያ ይጨምራል፤ ከዚያ ቅጠሉ እንደ ጃንጥላ ይሰፋል፣ ፍሬ ግን የለም። መታገሥ ብቻ ነው የሚያስፈልገው። አንድ ተክል ብቻ መትከልም አያዋጣም፤ አንዱ ላይ ወንዴና ሴቴ በአንድ ጠዋት ላይገናኙ ይችላሉ። ሁለት ወይም ሦስት ይሁኑ።

ንብ ከሌለ ደግሞ የንቡን ሥራ እርስዎ ይሠራሉ። አበባው የሚከፈተው ለአንድ ጠዋት ብቻ ነው። ከጠዋቱ አንድ ሰዓት እስከ ሦስት ሰዓት ባለው ጊዜ አንድ ወንዴ አበባ ቆርጠው የአበባውን ቢጫ ቅጠሎች ያውልቁ፤ መሐሉ ላይ የቀረውን ብናኝ የለበሰ ዘንግ በሴቴዋ አበባ ውስጥ በቀስታ ያሻሹት። ጣትዎ ላይ ቢጫ ዱቄት ከቀረ ብናኙ ደርሷል ማለት ነው። እዚህ ላይ ቢጫው ዝኩኒ አንድ ተንኮል አለው። አረንጓዴ ዝኩኒ ብናኝ ሳያገኝ ሲቀር ወደ ቢጫ ይለወጥና ያስታውቃል፤ ቢጫው ግን ጫፉ እስኪጨማደድና ቡናማ እስኪሆን ድረስ ደህና መስሎ ይቆያል።

ጫፉ የሚበሰብሰው ሁልጊዜ ግን በብናኝ እጦት አይደለም። አዲስ አበባ ውስጥ በብዙ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ስለሚመጣ ሰው ውሃ በመጣበት ዕለት ጓሮውን ያጥለቀልቃል፣ ከዚያ መሬቱ እስኪሰነጠቅ ይተወዋል። ፍሬው አንዴ ጠጥቶ አንዴ ሲጠማ ካልሲየም በእኩል አይደርሰውም፣ ጫፉም ይሞታል። በበርሜል አጠራቅመው በየሁለት ቀኑ ከሥሩ ያጠጡ፤ ዙሪያውን ገለባ ወይም ደረቅ ሣር ያልብሱት።

ስለ ቦታና ስለ ጊዜ ብዙ አልልም። በተክልና በተክል መካከል አንድ ሜትር ያህል ይተዉ፤ ችግኙ ትንሽ ሲሆን ባዶ ቦታ የባከነ ይመስላል፣ ግን አይደለም። ያልተብላላ የዶሮ ኩስ ሥሩን ያቃጥላል። ዝኩኒ ውርጭ አይችልም፤ በደጋ ከተማ የኅዳርና የታኅሣሥ ሌሊት ይጎዳዋል፣ በክረምት ደግሞ አበባው በዝናብ ይበሰብሳል። እኔ የምዘራው በየካቲት መጀመሪያ ነው።

ቅጠል ላይ ነጭ ነገር ሲያዩ ወዲያው መድኃኒት ለመርጨት አይሩጡ። በብዙ ዝርያዎች ቅጠል ላይ የደም ሥሮቹን ተከትሎ ብርማ ነጠብጣብ ይኖራል፤ ተፈጥሮው ነው። በአውራ ጣትዎ ያሹት። ዱቄት ሆኖ ከለቀቀ ሻጋታ ነው፣ የተያዙትን ቅጠሎች ቆርጠው ያስወግዱ። ካልለቀቀ ይተዉት። የሚያሳስበው ሌላ ነው፦ ቢጫው ፍሬ ላይ አረንጓዴ ዝንጉርጉርና ጉብታ ከወጣ፣ ቅጠሉም ከተኮማተረ ክሽክሽ የሚባለው ትንሽ ተባይ ያመጣው ቫይረስ ሊሆን ይችላል። ለዚህ መድኃኒት የለውም፤ ለሌሎቹ ሳይተርፍ ተክሉን ይንቀሉ።

የመጨረሻው ስህተት የራሴም ነው። ካማረው ፍሬ ዘር አስቀርቼ በዓመቱ ዘራሁ፤ የወጣው ግማሹ አረንጓዴ፣ ግማሹ ክብ ነበር። ገበያ ላይ ያሉት ቢጫ ዝርያዎች ብዙዎቹ ድቅል ናቸው፣ ማለትም ከሁለት የተለያዩ ወላጆች የተዳቀሉ፤ እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካ ውስጥ የተሸለመው ጎልድ ራሽ የተባለው ቢጫ ዝርያም ድቅል ነው። የድቅል ልጅ እናቱን አይመስልም። ዱባ አጠገቡ መኖሩ የዘንድሮውን ፍሬ አይለውጠውም፤ ከቅርብ ዘመዱ ጋር ከተዳቀለ ግን ለውጡ ከዘሩ በሚበቅለው ተክል ላይ ይታያል። አልፎ አልፎ እንዲህ ካለ ዘር መራራ ፍሬ ይወጣል፣ እሱ ቀልድ አይደለም። ጀርመን ውስጥ እ.ኤ.አ. በ2015 አንድ አዛውንት በጓሮ የበቀለ መራራ ዝኩኒ ከበሉ በኋላ መሞታቸው ተዘግቧል። ፍሬውን የሚያመርረው መርዝ በማብሰል አይጠፋም። ስለዚህ ከራስዎ ዘር ያበቀሉትን ከመክተፍዎ በፊት ከጥሬው ትንሽ ቆርጠው በምላስዎ ጫፍ ይቅመሱ፤ ከመረረዎት ይትፉትና ፍሬውንም ተክሉንም ይጣሉ።