የመረጣችሁት እጩ ሲሸነፍ፦ ከምርጫው ሌሊት እስከ ጃንዋሪ 20

ይህ መመሪያ የአሜሪካ ዜግነት አግኝተው በፕሬዚዳንታዊ ምርጫ ድምፅ ለሚሰጡ አማርኛ ተናጋሪዎች የተዘጋጀ ነው። የየትኛውም ፓርቲ ደጋፊ ብትሆኑ ይሠራል። ዓመታቱ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው፤ ከዚያ የተለየ ሲመጣ እንጠቅሳለን።

እጩው የተሸነፈበት መራጭ ብዙ ጊዜ ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ በዚያው ሌሊት ሁሉ ነገር አለቀ ብሎ ስልኩን አጥፍቶ ይተኛል፣ ወይ ደግሞ እስከ ጃንዋሪ ድረስ «ውጤቱ ይገለበጣል» የሚል ወሬ ሲያሳድድ ይከርማል። የመጀመሪያው የራሱ ድምፅ ሳይቆጠር ቀርቶ ከሆነ ማስተካከል የሚችልበትን ቀን ያሳልፋል። ሁለተኛው ገንዘቡንና እንቅልፉን ይጨርሳል። ውጤቱ በየትኛው ቀንና በማን እጅ እንደሚጸና የሚያውቅ ሰው ከሁለቱም ይተርፋል።

የሌሊቱን ቁጥር ማንበብ

ማክሰኞ ማታ በቴሌቪዥን የምታዩት ካውንቲዎች እየቆጠሩ የሚለቁት ያልተጠናቀቀ ቁጥር ነው። «እገሌ አሸነፈ» የሚሉት አሶሺየትድ ፕሬስና ትልልቆቹ ጣቢያዎች ናቸው። ግምታቸው ብዙውን ጊዜ ትክክል ነው፣ ሕጋዊ ኃይል ግን የለውም። የተሸናፊው እጩ ንግግርም እንዲሁ ነው፤ ሽንፈቱን ቢቀበልም ባይቀበልም ቆጠራው ይቀጥላል።

ሌሊት ላይ መሪ የነበረው ሰው ጠዋት ሲቀደም ብዙዎች ይደነግጣሉ። ምክንያቱ የቆጠራው ቅደም ተከተል ነው። ፔንሲልቬንያና ዊስኮንሰን በ2020ም ሆነ በ2024 በፖስታ የመጣን ድምፅ ከምርጫው ቀን ማለዳ በፊት መክፈት አልፈቀዱም። በ2020 በአካል ተገኝተው የመረጡት በብዛት የትራምፕ ደጋፊዎች፣ በፖስታ የላኩት ደግሞ በብዛት የባይደን ደጋፊዎች ነበሩ። ስለዚህ በፔንሲልቬንያ ማክሰኞ ሌሊት ትራምፕ በሰፊው መሩ፣ ቅዳሜ ኖቬምበር 7 ባይደን አሸናፊ ተባሉ። በመካከል የተጨመረ ድምፅ አልነበረም፤ ማክሰኞ ገብቶ የነበረው ፖስታ ተራው ደርሶ ተከፈተ እንጂ።

ተስፋ መኖሩን ለማወቅ ሁለት ቁጥር ይበቃል፦ እጩአችሁ በስንት ድምፅ እንደተቀደመና ያልተቆጠረው ስንት እንደሆነ። የመጀመሪያውን ለሁለተኛው አካፍሉ፣ ያገኛችሁትን በመቶኛ ለውጡና ግማሹን 50 ላይ ደምሩ። ለምሳሌ እጩአችሁ በ40,000 ድምፅ ቢቀደምና 200,000 ቢቀር፣ 40,000 ለ200,000 ሲካፈል 20 በመቶ ነው፤ ግማሹ 10፣ ከ50 ጋር 60። ከቀረው ድምፅ 60 በመቶውን ማግኘት አለበት ማለት ነው። ቀጥሎ የቀረው ድምፅ ከየትኛው ካውንቲ እንደሆነ እዩ። በዚያ ካውንቲ እስካሁን የያዘው 55 በመቶ ከሆነ አይደርስም፤ 70 ከሆነ ገና ነው። ስሌቱን ሳይሠሩ «ገና ብዙ ይቀራል» እያሉ ማንጋት ራስን ማድከም ነው።

መጀመሪያ የራሳችሁን ድምፅ አረጋግጡ

ብዙ ሰው ስለ መላ አገሩ ውጤት ሲጨቃጨቅ የራሱ ድምፅ መቆጠሩን አይጠይቅም። በፖስታ ከመረጣችሁ ረቡዕ ጠዋት የካውንቲያችሁን ወይም የስቴታችሁን የምርጫ ጽሕፈት ቤት ድረ ገጽ ክፈቱ፣ ስምና የትውልድ ቀን አስገቡ። «ደርሷል» እና «ተቀባይነት አግኝቷል» የተለያዩ ናቸው። የምትፈልጉት ሁለተኛውን ነው።

የእኛ ሰው ላይ በተደጋጋሚ ችግር ሊፈጥር የሚችለው ፊርማና ስም ነው። ለመንጃ ፈቃድ በላቲን ፊደል የፈረመ ሰው የምርጫው ፖስታ ላይ በአማርኛ ሲፈርም፣ አነጻጻሪው ሠራተኛ የሁለት ሰው ፊርማ አድርጎ ሊያየው ይችላል። ስምም እንዲሁ ነው፦ የአባት ስም አንዱ ሰነድ ላይ የመካከል፣ ሌላው ላይ የመጨረሻ ስም ሆኖ ይገባል። ፊርማ በሚያነጻጽሩ ስቴቶች ካልተመሳሰለ መራጩ ቀርቦ እንዲያስተካክል ጊዜ የሚሰጡ ብዙ ናቸው፤ ቀነ ገደቡ ግን አጭር ነው። ጆርጂያ የምትሰጠው ከምርጫው በኋላ ሦስት ቀን ብቻ ነው። ስልክ ቁጥራችሁንና ኢሜይላችሁን ፖስታው ላይ በትክክል የመጻፍ ጥቅሙ እዚህ ላይ ይታያል።

ምርጫ ጣቢያ ሄዳችሁ ስማችሁ ከመዝገብ ጠፍቶ ወይም መታወቂያ ጎድሎ «ፕሮቪዥናል ባሎት» (መብታችሁ ተጣርቶ የሚቆጠር ጊዜያዊ የድምፅ መስጫ) ከሰጧችሁ፣ አብሮ የተሰጣችሁን ወረቀት አትጣሉት። በ2002 የወጣው የፌዴራል ሕግ ድምፃችሁ መቆጠሩን፣ ካልተቆጠረም ምክንያቱን በነጻ የምትጠይቁበት መንገድ እንዲኖር ያስገድዳል። መታወቂያ ብቻ ከሆነ የጎደለው፣ በስቴቱ ቀነ ገደብ ውስጥ ወስዳችሁ ካሳያችሁ ይቆጠራል።

እንዲህ ባለው ሳምንት አጭበርባሪም ይደውላል። የምርጫ ጽሕፈት ቤት ድምፅ ለማስተካከል የባንክ ቁጥር ወይም ክፍያ አይጠይቅም። ጥርጣሬ ካደረባችሁ ስልኩን ዝጉና ቁጥሩን ከድረ ገጹ ወስዳችሁ ራሳችሁ ደውሉ።

ድጋሚ ቆጠራ የሚያድነው መቼ ነው

ድጋሚ ቆጠራ የሚያርመው ማሽን ያላነበበውን ደብዛዛ ምልክት፣ ሳይነበብ የቀረን የማሽን ሜሞሪ ካርድ፣ የመደመር ስህተትን ነው። እነዚህ ደግሞ ለሁለቱም ወገን ስለሚከፋፈሉ የተጣራው ለውጥ ትንሽ ይሆናል። በዊስኮንሰን በ2016 በተደረገው ድጋሚ ቆጠራ ትራምፕ 131 ድምፅ ጨመሩ። በ2020 የትራምፕ ዘመቻ 3 ሚሊዮን ዶላር ከፍሎ ሚልዋኪና ዴን የተባሉትን ካውንቲዎች ሲያስቆጥር ደግሞ ባይደን 87 ድምፅ ጨመሩ። በዚያው ዓመት ጆርጂያ አምስት ሚሊዮን ገደማ ወረቀት በእጅ ስትቆጥር በፍሎይድ ካውንቲ ያልተቆጠሩ ወደ 2,600 የሚጠጉ ድምፆች ተገኙ። ትልቅ ስህተት ነበር፣ ልዩነቱንም አጠበበው፤ ነገር ግን ባይደን በመጨረሻው ውጤት በ11,779 መርተው ቀሩ።

የተገለበጠም አለ። በ2008 በሚኒሶታ የሴኔት ምርጫ ኖርም ኮልማን በ215 ድምፅ ይመሩ ነበር፤ ድጋሚ ቆጠራው ሲያበቃ አል ፍራንከን በ225 ቀደሙ፣ ከፍርድ ቤት ክርክር በኋላ ልዩነቱ 312 ሆነ። በ2000 በፍሎሪዳ ቡሽና ጎር የተለያዩት በ537 ድምፅ ነበር፤ እዚያ ላይ መከራከር ተገቢ ነበር። እንግዲህ መለኪያችሁ ይህ ይሁን፦ በአንድ ስቴት ልዩነቱ በመቶዎች ከሆነ ጠብቁ፣ አሥር ሺህ ካለፈ ድጋሚ ቆጠራ አያመጣውም።

ሕጉም በየስቴቱ ይለያያል። ፔንሲልቬንያ፣ ፍሎሪዳና አሪዞና ልዩነቱ 0.5 በመቶና ከዚያ በታች ሲሆን ያለ ጠያቂ ድጋሚ ይቆጥራሉ። ጆርጂያ በዚሁ መጠን ውስጥ ተሸናፊው ሲጠይቅ ትቆጥራለች። በቨርጂኒያ ልዩነቱ ከ1 በመቶ ካልበለጠ ተሸናፊው መጠየቅ ይችላል። ጠያቂው በአብዛኛው እጩው ነው፤ በኢንተርኔት የሚሰበሰብ ፊርማ ድጋሚ ቆጠራ አያመጣም።

«ለድጋሚ ቆጠራ 25 ዶላር ይላኩ» የሚል መልእክት ሲመጣ ከታች በትንንሽ ፊደል የተጻፈውን አንብቡ፤ ገንዘቡ ለምን እንደሚውል የተጻፈው እዚያ ነው። በየሳምንቱ የሚቆርጥ ምልክት ቀድሞ ተደርጎ እንደሆነም ተመልከቱና አጥፉት። በ2016 የግሪን ፓርቲዋ ጂል ስታይን ለሦስት ስቴቶች ድጋሚ ቆጠራ ከ7 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰበሰቡ፤ ተጠናቆ ያበቃው የዊስኮንሰኑ ብቻ ነው።

«ተሰረቀ» የሚለውን ወሬ መመርመር

ይህ ከሁሉ ይከብዳል፤ ለኛ ደግሞ በተለይ። ከኢትዮጵያ የመጣ መራጭ ምርጫ 97ን ይዞ ነው የመጣው። ግንቦት 7 ቀን 1997 ዓ.ም. ሰልፍ ይዞ የመረጠ፣ በሰኔና በተከታዩ ጥቅምት ደግሞ በጥይት የወደቁትን ያየ ሰው «ቆጠራው ተጭበረበረ» ሲባል ሰውነቱ ቀድሞ ያምናል። ጥርጣሬው ከልምድ የመጣ ነውና አያሳፍርም። ግን እዚህ አገር ሌላ ጥያቄ መጠየቅ አለበት፦ ኮሮጆው በማን እጅ ነበር? ማንስ ያይ ነበር? በአሜሪካ ቆጠራውን የሚያካሂድ አንድ ማዕከላዊ ቦርድ የለም፤ በሺዎች የሚቆጠሩ ካውንቲዎችና ከተሞች ናቸው፣ የሁለቱም ፓርቲ ታዛቢዎች ባሉበት። በ2020 በጆርጂያ ገዥውም የምርጫው ኃላፊም የተሸናፊው ፓርቲ ሰዎች ነበሩ፤ ውጤቱን ያጸደቁትም እነሱ ናቸው።

ወሬው በአንድ ወገን ብቻ አይወራም። በ2004 ኦሃዮን ቡሽ ከ118 ሺህ በላይ ድምፅ አሸንፈው እያለ፣ ብዙ ዴሞክራቶች ማሽኑን ጠርጥረው ነበር፤ ጃንዋሪ 2005 ላይ በምክር ቤት ተቃውሞ እስከ ማቅረብ ተደረሰ። በ2024 ካማላ ሃሪስ በተሸነፉ ማግስት «20 ሚሊዮን የዴሞክራት ድምፅ ጠፋ» የሚል ጽሑፍ ተሰራጨ። ጸሐፊዎቹ ያነጻጸሩት የ2020ን የመጨረሻ ውጤት፣ ካሊፎርኒያ ገና ቆጥራ ካልጨረሰችበት ከረቡዕ ጠዋቱ ቁጥር ጋር ነበር። ቆጠራው ሲያልቅ ሃሪስ 75 ሚሊዮን ገደማ አገኙ።

በቴሌግራም ወይም በቲክቶክ ቪዲዮ ሲደርሳችሁ የየትኛው ካውንቲ እንደሆነና በስንት ቀን እንደተቀረጸ ፈልጉ። ሁለቱም ካልተጻፉ ለማንም አትላኩት። ከተጻፉ የካውንቲው ምርጫ ጽሕፈት ቤት የሰጠውን መልስ አንብቡ። ከዚያ ክሱ ፍርድ ቤት ቀርቦ እንደሆነ እዩ፤ በመግለጫ ላይ የሚባልና በመሐላ ዳኛ ፊት የሚባል አንድ አይደለም። በ2020 ከ60 በላይ ክሶች ቀርበው ውጤት የለወጠ አልተገኘም። ወሬ ሰውን ይጎዳል፦ በአትላንታ ስቴት ፋርም አሬና በተባለው አዳራሽ ድምፅ ይቆጥሩ የነበሩ ሁለት ሴቶች በአንድ ቪዲዮ ምክንያት ዛቻ ወረደባቸው፤ በዲሴምበር 2023 የፍርድ ቤት ጁሪ (ከሕዝብ የተመረጡ ፈራጆች) ወሬውን ያሰራጩት የትራምፕ ጠበቃ ሩዲ ጁሊያኒ 148 ሚሊዮን ዶላር ካሳ እንዲከፍሏቸው ወሰነ።

ተስፋችሁን የምታቆሙበት ቀን

ምርጫውን ተከትሎ ካውንቲ፣ ቀጥሎ ስቴት ያጸድቃል። ኤሌክቶራል ኮሌጁ (ፕሬዚዳንቱን በሕግ የሚመርጡት የየስቴቱ ወኪሎች) የሚመርጠው በዲሴምበር ከሁለተኛው ረቡዕ ቀጥሎ ባለው ማክሰኞ ነው (በ2024 ዲሴምበር 17 ነበር)፤ ስቴቶች ማረጋገጫቸውን ከዚያ ስድስት ቀን አስቀድመው መጨረስ አለባቸው። ጃንዋሪ 6 ኮንግረሱ፣ ማለትም ሁለቱ ምክር ቤቶች በጋራ፣ የመጣለትን ይቆጥራል። በ2022 የተሻሻለው ሕግ የምክትል ፕሬዚዳንቱ ሚና ሥነ ሥርዓት ብቻ መሆኑን በግልጽ ጽፏል፤ ተቃውሞ ለማስያዝም በእያንዳንዱ ምክር ቤት የአንድ አምስተኛ አባላት ፊርማ ይጠይቃል። ጃንዋሪ 20 እኩለ ቀን ላይ ሥልጣን ይተላለፋል።

ስህተቱ የሚፈጠረው ተስፋን ከቀን ወደ ቀን በማዛወር ነው፦ «ድጋሚ ቆጠራው ይምጣ»፣ «ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ይይ»፣ «ጃንዋሪ 6 ይታያል»። አንድ ቀን ቁረጡና በስልካችሁ ካሌንደር ላይ አስገቡት። የኤሌክቶራል ኮሌጁ ቀን ይበቃል። በ2000 እንኳ፣ አል ጎር እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ተከራክረው፣ ዲሴምበር 13 ላይ ሽንፈታቸውን ተቀብለዋል።

ቤትና ኪስ

የተሸነፈ ወገን ስለ ኢኮኖሚው ያለው አመለካከት በሳምንት ውስጥ ይጨልማል፣ ያሸነፈው ይፈካል፤ ዋጋውና ደመወዙ ግን ያው ነው። መጠይቆች ይህን በየምርጫው ያሳያሉ። ስለዚህ የጡረታ ሂሳባችሁን (ፎር ኦ ዋን ኬ) መሸጥ፣ ቤት መሸጥ፣ ሥራ መልቀቅ የመሰለውን ውሳኔ ቢያንስ እስከ ጃንዋሪ መጨረሻ አቆዩት። በኖቬምበር 2016 ሌሊት የካናዳ ኢሚግሬሽን ድረ ገጽ በጎብኚ ብዛት ተቋርጦ ነበር፤ ጠዋት አብዛኛው ሰው ሥራ ገባ።

ቤተሰብ ውስጥ ማመልከቻው በሂደት ላይ ያለ ሰው ካለ ግን ቶሎ ተንቀሳቀሱ። እስከ ጃንዋሪ 20 ያለው ፖሊሲ የነባሩ ነው፤ ከዚያ በኋላ በቀናት ሊለወጥ ይችላል፣ በ2017 የመጀመሪያው የጉዞ እገዳ የወጣው ጃንዋሪ 27 ነበር። ፈቃድ ያለው የኢሚግሬሽን ጠበቃ አማክሩ። በማኅበር ስብሰባ ላይ «ሕጉ እንዲህ ሆነ ብለዋል» የሚል ሰው ጠበቃ አይደለም።

ባልና ሚስት ወይም ወላጅና ልጅ ለየብቻ የመረጡበት ቤት ብዙ ነው። የመጀመሪያውን ሳምንት በቡና ሰዓት ምርጫ አይነሣ ብሎ መስማማት ይረዳል። ከእድሩ ቡድን አትውጡ፤ ድምፁን ብቻ አጥፉት። በክፉ ቀን የሚፈለገው ያው እድር ነውና።

ቀጣዩ ምርጫ ቅርብ ነው

ቨርጂኒያ ገዥዋን የምትመርጠው ከፕሬዚዳንቱ ምርጫ በዓመቱ ነው፤ ከ1977 ወዲህ ከ2013 በስተቀር በዋይት ሐውስ ያለው ፓርቲ እዚያ ተሸንፏል። በሁለተኛው ዓመት የምክር ቤት ምርጫ ይመጣል። የፕሬዚዳንቱ ፓርቲ በዚያ ምርጫ በተወካዮች ምክር ቤት ወንበር ያላጣበት ከ1998ና ከ2002 ወዲህ የለም። አድራሻ ቀይራችሁ ከሆነ ምዝገባችሁን አሁኑኑ አስተካክሉ፤ በምርጫው ሰሞን አይሆንም።

ጥርጣሬው ያልለቀቃችሁ ደግሞ ካውንቲው ከምርጫ በፊት ማሽኖቹን በአደባባይ ሲፈትሽ ሄዳችሁ እዩ፣ ለሕዝብ ክፍት ነው። ከዚያ የሚሻለው የምርጫ ጣቢያ ሠራተኛ ሆኖ ማመልከት ነው። የተመዘገበ መራጭ መሆንና ሥልጠና መውሰድ ይጠበቅባችኋል፣ ክፍያም አለው። አማርኛ የሚናገር ሠራተኛ በዋሽንግተንና በዙሪያው ባሉ ጣቢያዎች ለእናቶችና ለአባቶች ትልቅ እርዳታ ነው። በቨርጂኒያ ጣቢያ የሚከፈተው በ6 ሰዓት ጠዋት (በእኛ 12 ሰዓት) ስለሆነ ሠራተኛው በ5 ሰዓት ይገባል። በሩ ማታ በ7 ይዘጋል፣ ቆጠራውና ማሸጉ ከዚያ ይቀጥላል፤ ራትና የስልክ ቻርጀር ይዛችሁ ሂዱ።